የተደፋው ጣሳ

ዓርብ ማታ ሲስተም አይነካም። ይህን የማያውቅ ፕሮግራመር የለም፤ እኛ ግን ነካን። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ የለቀቅነው ኮድ ከደንበኛ ሒሳብ ላይ ሁለት ሁለት ጊዜ መቁረጥ ጀመረ። ወደ ድሮው መልሰን ቢሮውን ስንዘጋ 4 ሰዓት ተኩል ሆኗል። ምሳ ከበላን ራሱ ቆይተናል።

«ያቺን ቤት አገኘኋት» አለኝ ጓደኛዬ።

የትኛዋን ቤት እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። «ሚድናይት ዳይነር» የሚባል የጃፓን ተከታታይ ፊልም አለ፤ ቶኪዮ ሺንጁኩ ውስጥ፣ ጠባብ ቅያስ ላይ ስላለች ትንሽ ምግብ ቤት ነው። ቤቷ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተከፍታ ጠዋት 1 ሰዓት ትዘጋለች። ሰው ሲመሽበት ይገባል፣ ትኩስ ነገር ይበላል፣ ጉዱን ያወራል። ጓደኛዬ የቦሌ ልጅ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ እንደዚህ ዓይነት ቤት የለም እያለ ሲያማርር ሁለት ዓመት ሰምቼዋለሁ።

ከመገናኛ ራይድ ጠርተን ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ወጣን። ከእንጦጦ የሚወርደውን የሌሊት ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጃኬት አይመልሰውም። ኮብልስቶኑ ካለቀበት ወርደን በስልካችን መብራት ጭቃ እየዘለልን ሄድን። ከአንድ የቆርቆሮ አጥር ጥግ ጓደኛዬ ቆመና ስልኩን ወደ ላይ አነሳ። ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ አንድ ጣሳ ተደፍቷል።

«ሎጎ ነው በለኝ!» እየሳቀ ፎቶ አነሳው።

እኔ አልሳቅኩም። እንጨት ላይ የተደፋ ጣሳ «እዚህ ቤት ጠላ አለ» ማለት ነው። እኛ በር ላይም ለአስራ አምስት ዓመት ቆሟል። ለጓደኛዬ ግን አልነገርኩትም።

በሩን ስናንኳኳ አንዲት እናት ከፈቱልን። ልንዘጋ ነበር አሉና አዩን። «በሉ ግቡ፣ ብርዱ አይብላችሁ።»

ቤቷን ጓደኛዬ ቢወዳት አይፈረድበትም። አንዱ መቀመጫ ከሌላው አይመሳሰልም፤ አንደኛው ከሚኒባስ የተነቀለ ወንበር ነው። ግድግዳው በድሮ ጋዜጣ ተለጥፏል። ጥግ ላይ ካፖርት የለበሱ ዘበኛ ተቀምጠው ቆሎ ያሻሉ። ከሁሉም የገረመን የበሩ ጀርባ ነው። የዱቤ መዝገብ እሱ ነው፤ በጠመኔ። ስም ግን የለም፣ ሥዕል ብቻ፦ ቁልፍ፣ ዶሮ፣ ባርኔጣ፣ ከጎናቸው ሰረዝ ሰረዝ። «ስም ከጻፍኩማ ሰው ያፍራል» አሉ እትዬ። ጓደኛዬ ስለ ዳታቤዝና ስለ ፕራይቬሲ እየቀለደ ሊሞት ነው።

ሽሮ ከሰል ላይ ጣዱልንና «ጉሽ ነው ፊልተር?» ብለው ጠየቁ።

«ፊልተርም አለው እንዴ?» አለ ጓደኛዬ።

እዚህ ላይ ነው አፌ ያመለጠኝ። ጉሽ ማለት ያልጠለለው፣ ፊልተር ደግሞ የጠለለውና ጠንከር የሚለው እንደሆነ ነገርኩት። እንዴት እንደሚሠራ ሲጠይቀኝ ዝም ማለት እችል ነበር። አልቻልኩም። ጌሾው ተወቅጦ በውሃ ይጠነሰሳል፣ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል፤ ከዚያ ብቅልና ቂጣ ይገባበታል፤ ቀጥሎ እንኩሮው። ያ ጥቁር ቡናማ መልኩ ከተቆላው እህል ነው የሚመጣው። ድፍድፉ ሲደርስ ውሃ ይሞላና ይከደናል። ጋኑ ግን አስቀድሞ በግራዋ ታጥቦ በወይራ መታጠን አለበት፤ አለዚያ የፈለገ ብትለፋ ዋጋ የለውም...

ቀና ስል እትዬ ማማሰያውን ይዘው ያዩኛል። «እናትህ ትጠምቃለች አይደል?»

ዘበኛው ሳይቀሩ ዞሩ።

«ትጠምቅ ነበር» አልኩ።

ዩኒቨርሲቲ አምስት ዓመት ኢንጂነሪንግ ስማር ዶርም ውስጥ እናቴ «ነጋዴ» ነበረች። ውሸት አይደለም ብዬ ራሴን አሳምኛለሁ። ኮተቤ ትምህርት ቤት እያለሁ «የጠላ ሻጭ ልጅ» ይሉኝ ነበር፤ ዩኒፎርሜ የባህር ዛፍ ጭስ፣ የጭስ ላይ የጌሾ ሽታ አለው። ከየካ ጋራ ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች ሸክማቸውን እኛ ደጅ ያራግፉ ነበር፤ እንኩሮው በዚያ ነው የሚበስለው። ሰካራም ሲያስቸግራት ከመጋረጃው ጀርባ ሒሳብ እየሠራሁ እሰማለሁ። ላፕቶፔ የተገዛው በዚያ ብር ነው። መጀመሪያ ደመወዝ ስቀበል ያደረግኩት ነገር «እማዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ አቁሚ» ማለት ነበር። ይህንን ታሪክ ለሰው ባልነግርም በልቤ እኮራበት ነበር። እናቱን ያሳረፈ ልጅ።

ጓደኛዬ ሽሮውን እየጠቀለለ ቆየና «እና ቅድም ፎቶ ሳነሳ ለምን ዝም አልክ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ከስልኩ ላይ ፎቶውን ሲያጠፋው አየሁት። አጥፋው አላልኩትም ነበር።

እሁድ ኮተቤ ሄድኩ። ትልቁ ጋን አሁንም ጓሮ ነው፣ አፉን ወደ መሬት ደፍታዋለች። ስድስት ዓመት ሙሉ በአጠገቡ አልፌያለሁ።

«ለምን አልሸጥሽውም?»

«ማን ይገዛዋል?» አለች። ቡናውን ቀዳችልኝ። እኔም ጠላውን መጥመቅ ናፍቋት እንደሆነ ጠየቅኳት።

«ምኑ ይናፍቃል? ጭሱ ዓይኔን በልቶታል፤ ሰካራሙም አይናፍቀኝም። ማቆሜስ ጥሩ ነው።» ስኒውን አስቀመጠች። «አቁሚ ስትለኝ ግን ለእኔ ብለህ ብቻ እንዳልሆነ አውቅ ነበር። የምረቃህ ቀን ጓደኞችህን ወደ ቤት ያላመጣኸው ለምን ይመስልሃል የማላውቀው?»

ይቅርታ ልላት ፈለግኩ፣ ቃሉ ግን በዚያች ሰዓት ትንሽ ሆነብኝ። ስለዚህ ስለ ዓርብ ነገርኳት፤ ስለ ቤቷ፣ በጠመኔ ስለተሣለው ዶሮ፣ ስለ ጓደኛዬ። የዱቤው ነገር አሳቃት። እሷ በቃሏ ትይዘው ነበር፤ ሁሉንም።

«ሰው ያፍራል ያለችው እውነቷን ነው» አለች። ከዚያ ጋኑን በዓይኗ መዘነችው። «ለፋሲካ ለቤት የሚሆን ትንሽ እጠምቃለሁ። ያንን ልጅ አምጣው። ጌሾውን ግን ሾላ ገበያ ሄደህ አንተ ነህ የምትገዛው።»

እንዴት እንደሚመረጥ እንደማላውቅ ነገርኳት።

«ታውቃለህ» አለች።