ፎገራን በጆሮ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስትጓዙ አንድ ሰዓት ያህል ከሄዳችሁ በኋላ ወረታ ትደርሳላችሁ። መንገዱ እዚህ ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ጎንደር ይቀጥላል፣ ሌላው ወደ ደብረ ታቦርና ወልድያ ይታጠፋል። የረዳቶች ጥሪ ከባጃጅ ጡሩምባ ጋር ይደባለቃል። ብዙው መንገደኛ ሻይ ጠጥቶ ያልፋል። እናንተ ግን ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ ሜዳው ውረዱ።

እኔን ወደዚያ የመለሰኝ ጥፋቴ ነው። ለመሥሪያ ቤቴ ስለ ፎገራ ሩዝ አጭር የማስታወቂያ ፊልም አሠርቼ ነበር። የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝና ያስጨነቀኝ ምስሉ ብቻ ነበር፤ የወፉንም የውኃውንም ድምፅ ከኢንተርኔት አውርደን ጨመርንበት። በወጣትነታቸው ከወረታ ለወጡት አጎቴ በኩራት ከፈትኩላቸው። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ ፊልሙን ያዩት በጆሯቸው ነው።

«ይሄ የት አገር ነው?» አሉኝ።

«ፎገራ ነዋ!»

«አይ ልጄ፣ ፎገራ እንዲህ አይልም።»

በፊልም ሥራ ምስሉ ካለቀ በኋላም ድምፁ ገና ብዙ ይሠራበታል። ባለሙያው ንግግሩን ያጠራል፣ ኮቴውን፣ የበሩን ሲጥሲጥታ፣ የአካባቢውን ድምፅና ሙዚቃውን ይደርባል። ዝምታ እንኳ ይቀረጻል፦ ሁሉም ጸጥ ብሎ የቦታው ድምፅ ብቻ ይወሰዳል፤ በኋላ የተቆራረጠውን ንግግር የሚያያይዘው እሱ ነው። የጎንደሩ ተወላጅ ኃይሌ ገሪማ በ2008 እ.ኤ.አ. በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማት ያገኘበት «ጤዛ» ታሪኩ ከዚህ ሜዳ አጠገብ ወዳለው ጣና ይመልሰናል። ሙዚቃውን የሠሩት ጆርጋ መስፍንና ቪጃይ አየር ናቸው። ደግማችሁ ስታዩት ለጥቂት ደቂቃ ዓይናችሁን ጨፍኑበት።

ኅዳር ላይ ከልጄ ጋር ተመለስኩ። ባጃጆቹ ሳይነሡ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ መቅረጽ ጀመርን። ነፋሱ ማይክሮፎኗን እንዳይመታት የልጄን ካልሲ አለበስናት (ይሠራል፣ ሞክሩት)። የደረሰ ሩዝ ነፋስ ሲነካው ደረቅ ሹክሹክታ አለው። ከአውድማ በሬ የሚያበራዩ ሰዎች ድምፅ፣ ከረግረጉ የወፎች ጩኸት፣ ከሩቅ የፎገራ ላሞች እምቧታ። በመካከሉ ግን ሽንኩርት የሚያጠጣ የውኃ መሳቢያ ሞተር አላባራ አለ። እሱን ቆርጬ ላወጣው አሰብኩ።

አጎቴ ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«ያ የሚያጓራው ምንድን ነው?»

«የውኃ መሳቢያ ነው ጋሼ። አወጣዋለሁ።»

«እኔ ሳለሁ አልነበረም» አሉ። «ተይው፣ አታውጪው። እስቲ ከመጀመሪያው ክፈቺልኝ።»