ቀሪ

እናቴ ግፊት አለባት። ከአርዲቦ ዳገቱን ወርዳ በየወሩ ጤና ጣቢያ ክትትል ትሄዳለች። ዘንድሮ ክረምት ሦስት ወር ቀረች። ስጠይቃት «አሁንማ ደህና ነኝ፣ ምን ሆንኩ ብዬ ኪኒን እውጣለሁ?» አለችኝ። ይዣት ሄድኩ፤ 190 በ110!

በንዴት ሐኪሙን «ክትትል እያላችሁ ሦስት ወር የጠፋ ሰው እንዴት አይፈለግም?» አልኩት። አልተቀየመኝም።

«ክትትሉን እወደዋለሁ። ድሮ ሰው የሚመጣው ከወደቀ በኋላ ነበር፤ አሁን ሳይወድቅ እናገኘዋለን። ግን በቀን ስንቱን አይቼ፣ ስንቱን ቅጽ ሞልቼ ማን እንደቀረ ልቁጠር? መዝገቡ የሚያውቀው የመጣውን ነው፤ የቀረውን የምታውቁት እናንተ ናችሁ» አለኝ።

አፈርኩ። ጠዋት ጠዋት የ60 ተማሪ ቀሪ የምይዝ መምህር የእናቴን ቀሪ አልያዝኩም።

ጓዶች፣ ወረዳችን ተሁለደሬ በ2003 ዓ.ም. የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በአገራችን ሲሞከር ከመጀመሪያዎቹ 13 ወረዳዎች አንዷ ነበረች። ካርዱስ አለን። ግፊት ግን ሳያም ነው የሚጎዳው፤ ደህና መሆናችን የኪኒኑ ሥራ ሊሆን ይችላል።

እናት አባታችሁ «አብሽር፣ ደህና ነኝ» ሲሏችሁ እሰየው በሉ፤ ቀጥላችሁ ግን የቀጠሮ ካርዳቸውን እዩት። የእናቴ ቀጣይ ቀጠሮ ማክሰኞ ነው። አብሬያት እወርዳለሁ።