«ኦፕራሲዮን ካልሆነ አይድንም» ያለው ማነው?

እስቲ ልጠይቃችሁ… አባታችሁ ዳገት ሲወጣ ቆም ብሎ፣ እጁን ደረቱ ላይ ጫን አድርጎ፣ «ምንም አይደል፣ ጨጓራዬ ነው» ብሏችሁ ያውቃል? አባቶቻችን ይህቺን ቃል ይወዷታል። ጨጓራ፣ ብርድ፣ ንፋስ፣ ድካም… ብቻ «ልቤ ነው» ከማለት ሁሉም ይቀላል!

የእኔም አባት እንዲያው ነበር። አባባ የባሕር ዳር ሰው ነው፣ ዕድሜውን በሙሉ ብስክሌት ሲነዳ የኖረ። ሜዳ ሜዳውን፣ በዘንባባዎቹ ሥር፣ ማንም አይቀድመውም። ወደ ቤዛዊት ዳገት ሲሆን ግን፣ ወይም ከጣና የሚነሳው ቀዝቃዛ ንፋስ ፊት ለፊት ሲገጥመው፣ ደረቱን እንደ ድንጋይ ይጫነዋል። ሕመሙ ወደ ግራ ክንዱና ወደ መንጋጋው ይወጣል። ወርዶ አምስት ደቂቃ ሲያርፍ ይለቀዋል። በበዓል ዶሮ ወጡን ጠገብ ብሎ መንገድ ሲጀምርም ያው ነው።

ሐኪሙ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሰምቶ፣ መርምሮ፣ ስሙን ነገረን፦ አንጃይና። ነገሩ እንዲህ ነው። ልብን ራሷን የሚመግቡት የደም ሥሮች ውስጣቸው በስብ እየተለሰነ ይጠባል። ሰውየው ሲቀመጥ የሚያልፈው ደም ይበቃል። ዳገት ሲወጣ፣ ሲናደድ፣ ሲበርደው ግን ልብ ተጨማሪ ትፈልጋለች፤ ጠባቡ መንገድ አያሳልፍም፤ ልብ ትጮሃለች። ያ ጩኸት ነው እንግዲህ ሕመሙ።

ያን ማታ ቤታችን ሸንጎ ሆነ። አጎቴ «ባንኮክ ይሂድ!» ይላል። አክስቴ «ሕንድ ይረክሳል» ትላለች። ገንዘቡስ? ቤቱ ይሸጣላ! አባባ ዝም። ኋላ ለብቻዬ ጠራኝና «ቤቱን ሸጣችሁ እኔ ብሞት፣ እናትሽ የት ትገባለች?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

በማግስቱ ሐኪሙ ዘንድ ተመለስን። «ዶክተር፣ ኦፕራሲዮን ካልሆነ አይድንም አይደል?» አልኩት።

«ማነው እንዲህ ያላችሁ?» አለ ፈገግ ብሎ።

እ.ኤ.አ. በ2020 ውጤቱ የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት አለ። በ37 አገሮች 5179 ሕሙማን ገብተውበታል። ሁሉም እንደ አባባ ሕመማቸው ሰንበት ያለና ያልተባባሰ ነው። ግማሾቹ መድኃኒት እየወሰዱ ወዲያው ሥራቸው በስቴንት ተከፈተ ወይም ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። የቀሩት በመድኃኒት ጀመሩ፣ መድኃኒቱ ካልበቃቸው ብቻ ወደዚያው ሄዱ። ከሦስት ዓመት በላይ ክትትል በኋላ፣ በሞትም ሆነ በድንገተኛ የልብ ጥቃት ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም! በእርግጥ ሕመሙ ቶሎ ቶሎ የሚነሳባቸው ሰዎች ሥሩ ሲከፈትላቸው የበለጠ እፎይ ብለዋል። ዋናው የግራ የልብ ሥር የጠበበባቸውና ልባቸው በጣም የደከመ ሰዎች ደግሞ በጥናቱ አልገቡም፤ ለእነሱ ምክሩ ሌላ ነው። ስለዚህ ምርመራው መቅደም አለበት፣ የቤት ሽያጩ አይደለም።

ታዲያ ሳይቀደዱ የሚታከሙት በምንድን ነው? አቴኖሎልና ሜቶፕሮሎል የሚባሉት ክኒኖች ልብ ረጋ ብላ እንድትመታ ያደርጋሉ። አምሎዲፒን የደም ሥርን ያላላል። አስፕሪን በትንሽ መጠን ደም እንዳይረጋ፣ ስታቲን የሚባሉት ደግሞ ስቡ እንዳይጨምር ይከላከላሉ። ሚስጥሩ ያለው በየቀኑ መዋጡ ላይ ነው! «ዛሬ አላመመኝም» ብሎ አቴኖሎልን በድንገት ማቆም ልብን ክፉኛ ያስደነግጣል። ጾም ሲገባም ሰዓቱን ከሐኪም ጋር ማስተካከል እንጂ በገዛ እጅ መተው የለም።

ከምላስ ሥር የምትደረገዋ ክኒን ደግሞ ጉድ ናት። ናይትሮግሊሰሪን ትባላለች። አዎ፣ ዳይናሚት የሚሠራበት ያው ፈንጂ! ዳይናሚትን የፈለሰፈው አልፍሬድ ኖቤል እ.ኤ.አ. በ1896፣ በሞተበት ዓመት፣ ሐኪሞች ለልቡ ይህንኑ አዘውለት እንደነበር ያውቃሉ? አትፍሩ፣ አፍ ውስጥ አትፈነዳም። ሥሩን አስፍታ ሕመሙን በደቂቃዎች ታስታግሳለች። ራስ ታሳምማለች፣ ታዞራለች፤ ስለዚህ ቁጭ ብሎ ነው። ሙቀትና ብርሃን ስለሚያበላሻትም ከራሷ ጠርሙስ አውጥቶ በወረቀት ጠቅልሎ ኪስ መክተት አይሆንም።

አሁን ጆሯችሁን አቅርቡ… ቪያግራም መጀመሪያ የተሞከረው ለዚሁ ለአንጃይና ነበር! ለልብ ብዙም ሳይጠቅም ቀርቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ለምታውቁት ጉዳይ ገበያ ወጣ። ናይትሮግሊሰሪን የሚወስድ ሰው ቪያግራ ከደረበ ግን የደም ግፊቱ አዘቅት ይወርዳል፤ ሊሞትም ይችላል። አባት ለልጁ ይህን አይነግርም። ለሐኪሙ ግን ይንገር! የወሰደው እንዳለ ሳይደብቅ ይናገር። ዕፍረት ገዳይ ነው።

ክኒን ብቻውን ግን ምሉዕ አይደለም። ዊሊያም ሄበርደን የሚባል የእንግሊዝ ሐኪም፣ እ.ኤ.አ. በ1768 ለዚህ ሕመም ስም ያወጣለት እሱ ነው፣ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት እንጨት በመጋዝ እየቆረጠ ሊድን ትንሽ ስለቀረው ሰው ጽፏል። አባባም ሐኪሙ ፈቅዶለት በጣና ዳር ሜዳ ሜዳውን በእግሩ ይሄዳል፤ ሲይዘው ያርፋል፣ ሲለቀው ይቀጥላል። ቅቤው ቀንሷል፣ ሲጋራውን ተሰናብቷል። መድኃኒት ከጀመረ ወራት አልፈዋል፤ ሕመሙ አልፎ አልፎ ብቅ ቢልም ቤታችን አልተሸጠም።

መድኃኒቱ ባይበቃውስ? ያኔ ባሉንና ስቴንት አለ፤ ደረት ሳይከፈት በእጅ አንጓ ወይም በጭን ሥር በቀጭን ቱቦ ገብቶ ሥሩን መክፈት። ዙሪክ ላይ እ.ኤ.አ. በ1977 ተጀመረ፣ ዛሬ አዲስ አበባም ይሠራል። ባንኮክ ከመባሉ በፊት ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሄዶ፣ ተመርምሮ፣ «እኔ የትኛው ነኝ?» ብሎ መጠየቅ ነው።

እኛ ወጣቶችስ? «ይህ የሽማግሌ በሽታ ነው» ብላችሁ ገጹን እንዳትገለብጡ! ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይጨምራል። ሲጋራ ሥሩን ያጠባል። በረንዳ ላይ ሁለቱን አዋህዶ የሚውል የሠፈሬ ልጅ ስንቱ ነው!

በመጨረሻ ይህቺን ቆርጣችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉልኝ። ሕመሙ ሰው ተቀምጦ ሳለ ከመጣ፣ ከእንቅልፍ ከቀሰቀሰ፣ ከወትሮው ከበረታ ወይም ከተደጋገመ፣ ላብና የትንፋሽ ማጠር ከጨመረበት፣ ክኒኗን ወስዶ በአምስት ደቂቃ ካልተሻለው… ሸንጎ የለም፣ ዝንጅብል ማፍላት የለም፣ በተገኘው መኪና ሆስፒታል! እናቶችና ስኳር ያለባቸው ሰዎች ደግሞ ደረታቸውን ላያማቸው ይችላል፤ ትንፋሽ ማጠር፣ ማቅለሽለሽ ወይም ያልተለመደ ድካም ብቻ ሊሆን ይችላል። «ጨጓራዬ ነው» ሲሉ ቶሎ አትመኗቸው።

ለወላጆቻችሁ ጤና ይስጥልን! ቸር ሰንብቱ።