የቲሙ በማን ስም ይደግ?

የጎረቤታችን ልጅ በሦስት ዓመቱ የቲም ሲሆን ልናሳድገው ወሰንን። በጉዲፈቻ የእኔ ልጅ ተብሎ ይመዝገብ ወይስ በአባቱ ስም ይደግ? የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ የጉዲፈቻን ልጅ እንደ አብራክ ልጅ ይቆጥራል። ሱረቱል አሕዛብ ግን ልጆች በአባቶቻቸው እንዲጠሩ ያዛል፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ያሳደጓቸው ዘይድም የሙሐመድ ልጅ መባላቸው ቀርቶ የሓሪሣ ልጅ ተባሉ።

እኛም የአባቱን ስም አልነካንም። በሸሪዓ ባይወርሰንም ከንብረታችን እስከ ሲሶ መናዘዝ ይፈቀዳልና ተናዘዝንለት። ባለቤቴን ያስጨነቃት የመሕረም ነገር ነው፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላው አጥብታው ቢሆን የጡት ልጇ በሆነ ነበር። አሁን ግን አቅመ አዳም ሲደርስ በፊቱ ሒጃብ መልበሷ አይቀርም።

ትምህርት ቤት ሲገባ «አባዬ፣ ለምን በአንተ ስም አልጠራም?» አለኝ። «አባትህን አውቀዋለሁ፤ ስሙ የሚደበቅ አይደለም» አልኩት።

አላህ የየቲሞችን አደራ ከሚወጡት ያድርገን። አሚን።