ቁልፍ፣ ሽቦና ጆንያ

ከአራት ኪሎ የድል ሐውልት ብዙ በማይርቀው በአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት በር ላይ ልጄን ይዤ ቆሜያለሁ። «እዚህ እማራለሁ» ካለች ወዲህ ቤታችን ሰላም የለውም። አባቷ «ይህ እንጀራ ይሆናል ወይ?» ይላል። እኔም፣ ምን እደብቃለሁ፣ ከአልጋዋ ሥር ያጠራቀመችውን ቁልፍና የሽቦ ቁርጥራጭ ጠርጌ ጥዬባታለሁ።

ኤልያስ ስሜ ግን በ1982 ዓ.ም. የተመረቀው ከዚሁ ትምህርት ቤት ነው። ቁልፍ በጨርቅ ላይ በመርፌ ይሰፋል፤ ከተጣለ የኤሌክትሪክ ዕቃ የወጣውን ባለቀለም ሽቦ እንደ ሹሩባ ጎንጉኖ በጣውላ ላይ ይደረድራል። ከሩቅ ሲያዩት ጥልፍ፣ ቀረብ ሲሉ ሽቦ! እኛ ሴቶች በአክርማ ከምንሰፋው ሞሰብ ብዙም አይርቅ።

ከመስከረም አሰግድ ጋር የመሠረተውና በ2011 ዓ.ም. በመካኒሳ የተከፈተው ዞማ ሙዚየም ደግሞ ግድግዳው ጭቃና ጭድ ነው። ይኸው እናቶቻችን በእጃቸው ሲለስኑት የኖሩት ጭቃ ነው እንግዲህ ጎብኚ የሚጠራው። «የድሃ ቤት» እያልን በሲሚንቶ የሸፈንነው ስንቶቻችን ነን?

ይህን ሳሰላስል አንዲት ተማሪ ባዶ የማዳበሪያ ጆንያ ታቅፋ ወደ ግቢው ልትገባ ስትል ልጄ ዓይኗን ተከለችባት።

«ምን ልትሠራበት ይሆን?» አልኳት።

«አንቺው ጠይቂያት።»

ጠየቅኋት።

«መጋረጃ ነው፣ እናቴ» አለችኝና ክሩን ከጫፉ መዝዛ አሳየችን። ልጄ ጆንያውን በጣቷ ዳሰሰችው። እኔም ዳሰስኩት።