ሰም የጠጣ ካቴና

መብራት ስለጠፋ ያልታረመውን የፈተና ወረቀት ወደ ጎን አድርጌ፣ ሻማ አብርቼ ስልኬ ላይ ልጽፍ ቁጭ ብያለሁ። ሻማዋን ሳያት አንድ ሳልነግራችሁ የቆየሁት ነገር ትዝ አለኝ። ስለ ብስክሌት ካቴና ነው። አትሳቁ፣ እስከ መጨረሻው አንብቡት። በተለይ ፊዚክስ ያስተማርኳችሁ ልጆች፣ መጨረሻ ላይ የቤት ሥራ አለኝ።

ነገሩ የሆነው አምና ጥቅምት ላይ ነው። ሚዛንን የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ ሌላው አገር መስቀል ሲጠባ ሰማዩ ይጠራል፤ እኛ ጋ ግን ጠዋት ፀሐይ፣ ከሰዓት ዶፍ ነው። ቀዩ አፈራችን ሲረጥብ ጎማ ላይ እንደ ሊጥ ይለጠፋል፣ ሲደርቅ እንደ በርበሬ የላመ አቧራ ይሆናል። ብስክሌት የሚነዳ ሰው ሁለቱንም በአንድ ቀን ይቀምሳል።

በዚያ ሳምንት የበር ተረኛ እኔ ነበርኩ። ያረፈደ ተማሪ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ እስኪያልቅ ውጭ ይቆማል። አንድ የ10ኛ ክፍል ልጅ በአንድ ሳምንት ሦስት ቀን አረፈደ። በቤበቃ መንገድ በኩል ካለ ቀበሌ በብስክሌት ነው የሚመጣው። እጁ እስከ ክርኑ ጥቁር ነው፣ ደብተሩ ላይ ሳይቀር የዘይት አሻራ አለ።

"ምን ሆነህ ነው?" ስለው፣

"ብስክሌቱ ነው ቲቸር" አለኝ።

ሰበብ መሰለኝ። በሦስተኛው ቀን ሰው ፊት "አንተ ግዴለሽ ነህ! ሌሎቹ በእግራቸው ቀድመውህ ይገባሉ" ብዬ አንበረከክሁት። አንድም ቃል አልመለሰልኝም። መሬት መሬት እያየ ተንበረከከ። ይህን ስጽፍ አሁንም ያሳፍረኛል፤ ግን ካልጻፍኩት የቀረው ታሪክ ትርጉም የለውም።

ቅዳሜ ከሰዓት በፊት በራሴ ብስክሌት ወደዚያው አቅጣጫ ስሄድ መንገድ ዳር ከዛፍ ጥላ ሥር አንድ ሰው ቁጢጥ ብሎ ድንጋይ በድንጋይ ይቀጠቅጣል። ጠጋ ስል ያው ልጅ ነው። ብስክሌቱ ተገልብጧል፣ ካቴናው ተበጥሷል፣ እሱ የወጣችውን ፒን በድንጋይ ሊመልሳት ይታገላል። ሲያየኝ ደንግጦ ቆመ።

"በዚህ ሳምንት ስንት ጊዜ ተበጠሰ?" አልኩት።

"አራተኛው ነው ቲቸር።"

"ታዲያ ለምን አትንከባከበውም?"

ያን ጊዜ ቀና ብሎ አየኝና የተናገረው ነገር እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። "በየቀኑ ዘይት አጠጣዋለሁ እኮ። ራስዎ ነዎት ያሉን፣ ዘይት ፍሪክሽን ይቀንሳል ብለው።"

እውነቱን ነው። እኔ ነኝ ያልኩት። እኔ በዲፕሎማ የማስተምር፣ ዲግሪዬን በክረምት የምማር ሰው ነኝ። መጽሐፉ ላይ ያለውን ሰሌዳ ላይ ገልብጬ፣ "ዘይት ሰበቃን ይቀንሳል" ብዬ፣ ከስሩ አስምሬ፣ ፈተና ላይም አውጥቼዋለሁ። ልጁ ደግሞ አምኖኝ ከጋራዥ የተቃጠለ ዘይት በጠርሙስ እየለመነ፣ ማታ ማታ ካቴናው ላይ ያፈሳል። ጠዋት በዚያ ላይ ቀዩ አቧራ ይነሰነስበታል። ዘይትና አሸዋ አንድ ላይ ምን እንደሚሆን ቢላ የሚስል ሰው ያውቃል። ሞረድ ነው። ልጁ ለሰዓታት ሲነዳ የነበረው ብስክሌት የራሱን ካቴና እየሞረደ ነበር።

ብስክሌቱን እየገፋን ወደ ቤቴ ይዤው መጣሁ።

እዚህ ላይ ካቴና ምን እንደሆነ ትንሽ ልንገራችሁ። ካቴና ከመቶ በላይ ትናንሽ ቁራጮች ናቸው። እያንዳንዷ ቁራጭ በፒን ተያይዛለች፣ በፒኑ ዙሪያ ደግሞ የምትሽከረከር ትንሽ ቀለበት አለች። ይሄን ዓይነቱን ካቴና ሃንስ ሬኖልድ የሚባል መሐንዲስ ማንቸስተር ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1880 ነው የሠራው፤ መሠረቱ እስከ ዛሬ ያው ነው። ሥራው ሁሉ የሚሠራው ፒኑና ቀለበቷ በሚነካኩበት፣ ዓይን በማያየው ቦታ ነው። ውጭውን በዘይት ብታጥቡት ለዓይን ያብለጨልጫል እንጂ ለካቴናው ምንም አይጠቅመውም፣ አቧራ ከመሰብሰብ በስተቀር። ሰዎች "ካቴናው ተለጠጠ" ይላሉ። ብረቱ ግን አልተለጠጠም፤ ፒኖቹ ከውስጥ ተበልተው እያንዳንዷ ቁራጭ በትንሽ በትንሹ ስለላላች ነው የረዘመው።

መጀመሪያ አጠብነው። ማያያዣ ክሊፑን ፈትተን ካቴናውን በሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ከተትን፣ ነጭ ጋዝ ጨምረን ክዳኑን ዘግተን ናጥነው። የወጣው ጋዝ እንደ ሦስተኛ ቀን የቡና አተላ ጥቁር ነበር፣ ታቹ ላይ ደግሞ ቀይ ደለል ተኝቷል። ጣቴን ነክሬ አሸሁት፤ ይቆረቁራል። ልጁም ነካው። ሁለታችንም ምንም አልተናገርንም። አራት ጊዜ ጋዝ ቀየርን። (የቆሸሸውን ጋዝ መሬት ላይ አልደፋነውም፤ የአጥሬን እንጨት ለምስጥ ቀባሁበት።) ከዚያ በፈላ ውሃና በኦሞ አጥበን ቆርቆሮ ላይ አሰጣነው።

ሲደርቅ በልጁ ማስመሪያ ለካነው። ከአንድ ፒን መሐል እስከ ቀጣዩ ፒን መሐል 12.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስለዚህ 20 ክፍተት ብትቆጥሩ 25.4 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት። ከዚያ ሁለት ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ከበለጠ ካቴናው አልቋል፣ ጥርሶቹንም ይዟቸው ይሄዳል። የልጁ 25.8 ነበር። የኋላው ጥርስም ተበልቶ እንደ ውሻ ክራንቻ ሾሏል። "ይሄ አይድንም" አልኩት። እሁድ አማን ወርደን አዲስ ካቴናና የኋላ ጥርስ ገዛን። ግማሹን እሱ ከቡና ለቀማ ካጠራቀመው፣ ግማሹን እኔ።

አሁን ጥያቄው ምን እንቀባው የሚለው ነበር። ካቴናን በቀለጠ ሰም የሚነክሩ ሰዎች እንዳሉ ቀደም ብዬ አንብቤ ነበር። ሰም ሲደርቅ ደረቅ ነው፣ አቧራ አይዝም። እኛ አገር ደግሞ ሰም ሞልቷል! የሸካና የካፋ ማር አገር መሐል ተቀምጠን ሰም ከየት ይመጣል አይባልም። ሰፈራችን ወዳለችው ጠጅ ቤት ሄድኩና እትዬን ሰፈፍ ጠየቅኋቸው።

"መምህር፣ ደግሞ ጧፍ ልትሠራ አሰብክ?" አሉኝ እየሳቁ።

"የለም እትዬ፣ ለብስክሌት ካቴና ነው።"

"እኔ ጠጅ የሚጠጣ አስተማሪ አውቃለሁ፣ ጠጅ የሚጠጣ ብስክሌት ግን አላየሁም!"

ሰፈፉን በፈላ ውሃ አቅልጬ በነጠላ ቁራጭ አጠለልኩና የራሴን ካቴና ነከርኩበት፤ በልጁ አዲስ ካቴና ላይ አልሞከርኩም። ደግም አደረግሁ። ጠዋት በብርዱ ፔዳሉ አልዞር አለኝ፣ ቀትር ላይ ደግሞ ሰሙ ለስለስ ብሎ አቧራውን እንደ ዝንብ ወጥመድ ያዘው። የንብ ሰም በተፈጥሮው ይጣበቃል። ለጧፍ የሚጠቅመው ጠባዩ ለካቴና አልሆነም። ሳምንቱን ሙሉ ብስክሌቴ ጠጅ ጠጅ እየሸተተ መምህራን ክፍል መሳቂያ ሆንኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሻማ ሞከርን፣ ይህችኑ ከሱቅ የምንገዛትን ነጯን። ሻማ በአብዛኛው ፓራፊን ነው፣ ከነዳጅ የሚወጣ ሰም ነው፣ ሲደርቅ እጅ ላይ አይጣበቅም። ሻማዎቹን ሰባብረን ክሩን አወጣንና የኒዶ ጣሳ ውስጥ ከተትን። ጣሳውን ውሃ ባለበት ድስት ውስጥ አስቀምጠን ከሰል ላይ ጣድነው። ይህን ልብ በሉ፦ ጣሳውን በቀጥታ እሳት ላይ እንዳትጥዱ። ሰም ከልክ በላይ ሲግል በእሳት ይያያዛል። በእኛ ከፍታ ውሃ 95 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ፣ ውሃው ሰሙን ይጠብቅላችኋል። ነጭ ጋዙም ከእሳቱ አካባቢ ጨርሶ መራቅ አለበት። አዲሱንም ካቴና ቢሆን ከፋብሪካ ይዞት የመጣውን ግራሶ በጋዝ አጥበን ነው የነከርነው፤ ግራሶ ያለበት ቦታ ሰም አይገባም።

ሰሙ እስኪቀልጥ ቁጭ ብለን ስናወራ "ቲቸር፣ ኢትዮጵያዊ ብስክሌተኛ አለ እንዴ?" አለኝ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትሄድ፣ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ፣ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም እንደነበሩ፣ ከእነሱም አንዱ ገረመው ደንቦባ እንደሚባል ነገርኩት። ጽጋቡ ግርማይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስ ላይ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው። ዝም ብሎ ሰማኝና "እነሱም ካቴና ያጥባሉ?" አለ። "ሳይታጠብ የሚሮጥ ካቴና የለም" አልኩት።

ካቴናውን በሽቦ አንጠልጥለን ሰሙ ውስጥ ስንነክረው መንጫጫት ጀመረ። ከየፒኑ ሥር ትንንሽ አረፋ ይወጣል፤ አየሩ ሲወጣ ሰሙ ቦታውን ይይዛል። ልጁ ጎንበስ ብሎ እያየ፣

"ቲቸር፣ እየጠጣ ነው!" አለ።

አረፋው እስኪቆም ጠበቅን፣ ከዚያ አውጥተን ሚስማር ላይ ሰቀልነው። ሲቀዘቅዝ እንደ ደረቅ ሸንኮራ ድርቅ ይላል። አትደንግጡ፤ አንድ በአንድ እያጠፋችሁ ፍቱት፣ ትርፉ እየተፈረፈረ ይወድቃል፣ የሚፈለገው ውስጥ ይቀራል። ስንገጥመው የሁለታችንም እጅ ንጹሕ ነበር። ልጁ መዳፉን ገልብጦ ገልብጦ አየው።

ሰም ተአምር ነው እያልኳችሁ አይደለም። ከሁለት ቀን ዝናብ በኋላ የእኔ ካቴና ጎኑ ላይ ዝገት አወጣ። ሰም ውሃን እንደ ዘይት አይከላከልም። ስለዚህ ዝናብ የመታው ቀን ማታውኑ በጨርቅ ማድረቅ ግድ ነው፣ በዝናቡ ሰሞን በየሳምንቱ እንደገና መንከር ያስፈልጋል። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ግን፣ አቧራው በሚብስበት ጊዜ፣ ሰምን የሚያህል የለም። ሰም ያላገኘ ሰው ደግሞ ንጹሕ ቀጭን ዘይት በየፒኑ ጠብ አድርጎ ውጭውን በደንብ ይጥረግ። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ግን በፍጹም፤ በውስጡ የብረት ብናኝ አለበት።

ሰኞ ጠዋት ክፍል ገባሁ። ቀኑን ሰሌዳው ላይ ከጻፍኩ በኋላ ጠመኔውን ይዤ ትንሽ ቆምኩ። ከዚያ "ባለፈው የሰጠኋችሁ ኖት ግማሽ ነበር" አልኳቸው። "ዘይት ሰበቃን ይቀንሳል" ብዬ ጻፍኩና ከጎኑ "ንጹሕ ከሆነ፣ መግባት ያለበት ቦታ ከገባ" ብዬ ጨመርኩ። ቀጥዬም የዚያን ልጅ ስም ጠርቼ "ባለፈው ሳምንት ግዴለሽ ብዬሃለሁ። ተሳስቻለሁ፣ ይቅርታ" አልኩት። ክፍሉ ጸጥ አለ። አስተማሪ ተማሪን ይቅርታ ሲጠይቅ የማየት ልማድ የለንም። ልጁ አንገቱን ደፋ፣ ግን በር ላይ እንደደፋው አልነበረም።

አሁን 11ኛ ክፍል ነው። አንዳንድ ቀን አሁንም ያረፍዳል፤ ዝናብ ነው፣ ርቀት ነው፣ ሕይወት ነው። እኔ ግን ያረፈደ ልጅ ሳይ መጀመሪያ እጁን አያለሁ፣ ከዚያ "ምን ሆነህ ነው?" እላለሁ፣ መልሱንም ቆሜ እሰማለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈሩን ልጆች ካቴና እየሰበሰበ ይመጣል። ጣሳውም ድስቱም እኔ ቤት ናቸው።

እንግዲህ የቤት ሥራው ይኸውላችሁ። ከእኔ ጋር የተማራችሁ ሁሉ፣ የድሮ የፊዚክስ ደብተራችሁ ካለ አውጡት። የሰበቃ ትምህርት ላይ በእኔ ቃል የተጻፈች አንዲት ግማሽ ዓረፍተ ነገር አለች። ቀሪዋን ግማሽ ራሳችሁ ጨምሩባት።

ሻማዋ እያለቀች ነው። ደህና እደሩ።