«ፊስቱላ የለብሽም»

ሴትዮዋ አግዳሚው ላይ አልቀመጥ አለች። የ45 ቀን ልጇን ልታስከትብ ከጉና ግርጌ ተነስታ በእግሯ ነው የመጣችው። «እረፊ እንጂ» ስላት፣ «ግድ የለም ሲስተር፣ መቆም ይሻለኛል» አለችኝ። ወዲያው አስነጠሳት። ቀሚሷን ሰብስባ፣ ጭኖቿን ገጥማ፣ አንገቷን ደፋች። አየኋት። ልጇን ከተብኩ፣ ካርዱን ሞላሁ፣ ቀጠሮዋን ነገርኳትና «ተረኛ!» አልኩ።

ደቡብ ጎንደር ውስጥ በአንዲት ጤና ጣቢያ የክትባት ጠረጴዛ ላይ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። የልጁን ክብደት ጠይቄያለሁ፣ ትኩሳቱን ጠይቄያለሁ፣ ጡት መጥባቱን ጠይቄያለሁ። እናቲቱን ግን «ስታስዪ፣ ስትስቂ ሽንት ያመልጥሻል ወይ?» ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅኩም።

ደፍረው የነገሩንም ነበሩ። «ሽንቴ አላስቆም አለኝ» ያለችንን ፊስቱላ ይሆናል ብለን እንመረምራለን፤ ከሆነ ወደ ባሕር ዳር ሐምሊን የፊስቱላ ማዕከል እንልካለን። ቀዳዳ ካላገኘን ደግሞ «እግዜር ይመስገን፣ ፊስቱላ የለብሽም» እንላለን፤ ምሥራች ያበሰርን መስሎን! እሷም እንደ ረጠበች ወደ ቤቷ።

አላወቅንም እንዳንል ዕውቀቱ የበቀለው እዚሁ ነው። ሐኪሞቹ ሬጂናልድና ካትሪን ሐምሊን አዲስ አበባ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1959፣ የፊስቱላ ሆስፒታሉን የከፈቱት በ1974 ነው። ቀዳዳዋ በደንብ ተደፍኖላት እያለ ስታስል ሽንት የሚያመልጣት ሴት እንዳለች፣ የሷ ችግር የሽንት ቱቦውን አጥብቆ የሚይዘው አካል መላላት እንደሆነ፣ ዓለም ከኢትዮጵያውያን ታካሚዎችም ተምሯል። የፊስቱላ ሐኪሙ አንድሪው ብራውኒንግ ይህን ለመከላከል፣ በጥገናው ወቅት ከሴቲቱ ከራሷ ሥጋ ቱቦውን ከሥር የሚደግፍ መቀነት ማበጀትን እ.ኤ.አ. በ2004 አሳተመ፤ ኋላም የባሕር ዳሩን ማዕከል መርቷል። ዕውቀቱ ባሕር ተሻገረ፤ የደቡብ ጎንደሩን የዓለም በር ዳገት ግን አልወጣም።

ፊስቱላ ሳይኖርባት ስታስል ሽንት ለሚያመልጣት ሴት የመጀመሪያው ሕክምና ቢላዋም አይፈልግ። አሜሪካዊው ሐኪም አርኖልድ ኬግል እ.ኤ.አ. በ1948 ጽፎታል፤ ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ጥናቶችም አጽንተውታል። አየር እንዳያመልጠው እንደሚይዝ ሰው ታችን ወደ ላይ ስቦ ማጥበቅ፣ ጥቂት ቆጥሮ መልቀቅ፤ ስምንት ጊዜ ያህል፣ በቀን ሦስቴ፣ ቢያንስ ለሦስት ወር። ሁሉን ባያድን ብዙዎችን ያሽላል። ገንዘብ አይጠይቅ፣ መድኃኒት ቤት አያስኬድ። ደግሞስ ከአራስ ቤት የተሻለ ጊዜ የት ይገኛል? በልማዱ ለወንድ 40፣ ለሴት 80 ቀን እስኪሞላ እናት አብዛኛውን ጊዜ ቤቷ ናት። ከዚያማ ሃያ ሊትሩ ጄሪካን ጀርባዋ ላይ ይወጣል፤ ሸክሙም የላላውን ይብስ ቁልቁል ይጫነዋል።

በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም እየተባለ ሴቶቹ ይወቀሳሉ። መድኃኒቱን የሸሸግነው እኛ ነን። ይህን እንቅስቃሴ እኔ ራሴ ተማሪ ሳለሁ ለፈተና ሸምድጄዋለሁ፤ ጥሩ ውጤትም አምጥቼበታለሁ።

ባለፈው ጥር ሴትዮዋን ደብረ ታቦር ገበያ አገኘኋት። ልጁ አራተኛ ክፍል ገብቷል። ወደ ዳር ወስጄ ጠየቅኳት፤ አዎ አለች፣ ከዚያ ወሊድ ወዲህ እንደሆነ። እንቅስቃሴውን አሳየኋት። ዝም ብላ ሰማችኝና፣ «ያን ጊዜም ታውቂው ነበር ሲስተር?» አለችኝ።

አውቀው ነበር።